ማበጠሪያው ላይ የቀረው

ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከሽምብጥ በባጃጅ፣
ፈንታነሽ ትመጣለች ወደዚህች የእኔ ደጅ።
የቆርቆሮ ክፍል ናት፤ አንድ ዱካ፣ መስታወት፣
በመስኮት ትንሽ ጣና፣ የቀረው የሰው ቤት።

ሙሽራ ሆና ሳለ፣ ዓመቱ አሥራ አንድ ነው፣
ሹሩባዋን ስሠራ እጄ ነበር የሚዝለው፤
አንዱ ጉንጉን ብቻ አውራ ጣቴን ያክል፣
ሚዜው በር ላይ ቆሞ "አልበቃም ወይ?" እስኪል።

ዛሬ ግን ጠጉሯ ቀድሞኝ ይጨርሳል።
ማበጠሪያው ይወርድና ጥቁር ጎጆ ይዞ ይመለሳል።

በመስታወቱ ውስጥ ዓይኗን ሰብራ ታየኛለች፤
የረገፈውን ለቅማ በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥራለች፣
ሰው እንዳያገኘው፣ ነፋስ እንዳይወስደው።
"ዓይን ነው" ትለኛለች፣ "የጎረቤቴ ዓይን ነው።"

ጸበሉን ሞከረች። ቅቤውን ሞከረች።
ሬት ልጣ ቀባች፣ ምሬቱን ቀመሰች።
ጎረቤቷ ሰላም ብትላት ፊቷን አዞረች።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ጣቴ ግን ያነባል፤
የሰው ጭንቅላት በእጅ ሲያዝ ብዙ ነገር ያወራል።
በግንቦት፣ ባሕር ዳር በቁሟ ስትቀቀል፣
እሷ ጋቢ ደርባ፣ እጇ እንደ ጉድጓድ ውኃ ቀዝቅዞ፣
የቅንድቧ ጭራ ሳስቶ፣ እንደ ድሮ ጽሑፍ ደብዝዞ፤
ተቀምጣ ትተኛለች፤ ስቀሰቅሳት ድምጿ ከሩቅ ይመጣል።
"የወር አበባዬ እንኳ ቀኑን ስቷል" ትላለች፣ "ሲመጣም ይበዛል።"

ይኼኔ ነው ጨረጨራ ትዝ ያለኝ፣
ባሌ ሳይሞት፣ የበሩ ዘበኛ ሳለ፣ የነገረኝ፦
"ያ ሁሉ ሐይቅ፣ ያ ሁሉ ደንገል፣
የሚኖረው በዚች በር ልክ ነው።
በሩ ስንዝር ሲያልፍ ዳሩ ይደርቃል፣
ስንዝር ሲጎድል ደግሞ ማሳው ይጥለቀለቃል።"

"ሰውም እንዲሁ ነው" አልኳት። "ሆርሞን የሚሉት አለ፣
በደም ውስጥ የሚሄድ፣ ማንኪያ የማይሞላ፣
ሁሉን በልኩ የያዘ።
እሱ ሲዛባ፣ ዳር ዳር የበቀለው ነው ቀድሞ የሚደርቀው።
ጎረቤትሽን ተያት። ደምሽን አስመርምሪው።"

ተቆጣች። "ሹሩባሽን ሥሪ! ማን ሐኪም አረገሽ?"
ከፍላኝ ወጣች፣ መልሷን እንኳ ሳትወስድ።
ሰባት ቅዳሜ ሙሉ፣
ባጃጅ በተሰማ ቁጥር አንገቴ ወደ መንገድ።

በስምንተኛው መጣች። በእጇ ወረቀት አለ።
ጉሮሮዋን ነካች፦ "እዚህ ጋ ነው አሉኝ፤
ቢራቢሮ የመሰለች እጢ፣ ሥራዋን ያስታጎለች።
አያቴ እንቅርት ነበራት፣ አገር ያየው።
የእኔ አላበጠም፤ በዝምታ ነው የደከመው።"
ቀጥላም ሳቀች፦ "በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ!
ጎረቤቴንም በከንቱ ተጣላሁ።
ለይቅርታ ብሄድ፣ አራስ ልጇን ታጠባለች፤
ትራሷ ላይ የእሷም ጠጉር ረግፎ አየሁ።"

ኪኒኗን ጎሕ ሲቀድ፣ በባዶ ሆድ ትውጣለች፤ ይኸው አራት ወሯ።
እንደ ጫጩት ላባ ያለ ነገር ብቅ ብሏል በግንባሯ።
"ድሮ እንደነበረው ይሆናል?" አለችኝ።
"አላውቅም" አልኳት። ሐኪሙም "ታገሺ" ነው ያላት።

ከዚያ ዞር አለች፣ ሻሼን አየችው።
የወር አበባዬ ካቆመ ወዲህ
ማንም ፊት ፈትቼው አላውቅም፤
የአናቴ መሐል መንገድ ሆኗል፣ ሰፊ፣ አላፊ የሌለው።
የሹሩባ ሠሪ ጠጉር ሲያልቅ ለማን ይነገራል?
"ፍቺው" አለችኝ።

ፈታሁት።
ማበጠሪያውን ከእጄ ወስዳ ከኋላዬ ቆመች።
መሥራት አትችልም፤ ጣቷ ይሳሳታል፣
አንዱን ጉንጉን ሦስቴ ፈትታ ሦስቴ ጀመረች፣
መስመሩም ተጣሞ ወጣ።
የወደቀውን አላነሣሁም፣ እሷም አላነሣች።

ጠማማውን ሳላስተካክል አደርኩበት፤
ሰኞ ዕለት፣ ያለ ሻሽ፣ ገበያ ወጣሁበት።