በንጉሡ ሣ

ቱሉ ዲምቱ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ሊጀምር ሲል
«ማተሚያ ቤት ወራጅ አለ?» ነበር ረዳቱ የሚል፤
ዛሬ አፉን ከፈተ፣ ስሙን ዋጠው መልሶ።
ወረድን፣ እንደ ሰረቀ ሰው፣ ዓይናችን መሬት ልሶ።

እኔ አራሚ ነኝ።
ሥራዬ በሌላ ሰው ቃል ላይ ማጎንበስ፣
የዘለለ ፊደል፣ የወደቀ ነጥብ
እንደ ምስር ጠጠር መልቀም።
ሐሙስ ማታ ሣህሉ ገጽ እየሠራ
«አንቺ ደግሞ!» ይለኛል፣ «ሁለቱም ያው ሰ ነው፣
የትኛው ጆሮ ነው የሚለየው?»
«ዓይን ይለየዋል።
የራስህን ስም እንኳ በእሳቱ ሳ ትጽፋለህ፤
ሣህል ምሕረት ነው እኮ፣ በንጉሡ ሣ ነው።»
ይስቃል። ሻይ ያስደግማል።

ያን ሐሙስ ቀድሜ ወጣሁ፤ ልጄን ትኩሳት ይዟት ነበር።
ሞተሩን ቁልቁለቱ ላይ ያለፍኩት ይመስለኛል፣
ሁለት ሰዎች፣ የኋላው ዘንቢል ታቅፎ።
«ደህና አምሹ» ብያቸዋለሁ።
እስከ ዛሬ ያቺን ቃል ላርማት አልቻልኩም።

ሰማዩ በገላን በኩል ሲቀላ
የብሎክ ዐርባ አንድ ሴቶች ቢጫ ጄሪካን አንግተው
ሮጡ በነጠላ ጫማ፣ በራቸውን ከፍተው ትተው፤
ውሃ በዐሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው እዚህ ጫፍ የሚመጣው፣
የሊጡን፣ የሕፃን ገላውን፣ ያለውን ሁሉም አወጣው።
የማተሚያ ቀለም ግን ዘይት ነው። ውሃ አይሰማም።
እሳት አደጋ ሲደርስ
ማሽኑ የጎድን አጥንቱን አውጥቶ ቆሟል፣
ዘበኛው ሁንዴ በሩ ላይ፣ የእጅ ባትሪው እንደበራ።
ሣህሉ ውስጥ።

ራዲዮ በስድስት ሰዓት «ማንነታቸው ያልታወቀ» አለ።
ማንነታቸውን የማያውቅ ሻይ ቤት ግን የለም፤
ሁሉም ያውቃል፣ እያንዳንዱ የተለያየ ሰው ያውቃል።
ጋሽ በሪሁን፣ ጡረተኛው፣ ከድንጋይ ወንበራቸው
«አበዙታ!» አሉ፣ «የሰው መሬት ምን አገባቸው?»
ማንም አልመለሰላቸውም።
እኔም።

እድሩ ድንኳን ጣለ። ሁለቱም አባል አልነበሩም፤
«መዋጮ ሳይከፍሉ?» ያለ ነበር።
ዳኛዋ ወይዘሮ ድንቄ፣ «እኛስ ጋዜጣቸውን
ስንቴ ከፍለን አነበብነው?» ብለው ካስማውን አስመቱት።
ለውዝ የሚሸጠው ልጅ ጥቅሎቹን ፈታ፣
ለውዙን ኪሱ ገለበጠ፣ ወረቀቱን በጉልበቱ ዳመጠ፣
የዱሮ ቅጾቻችንን በድንኳኑ ገመድ ላይ ሰቀላቸው፦
ጨው የላሰ ዜና፣ ዘይት የጠጣ ርዕሰ አንቀጽ።

ባነርም መጣ። «ነፍስ ይማር» ይላል፣ «ሳህሉ»፣
በእሳቱ ሳ።
ቀዩን እስክሪብቶ ከጸጉሬ ነቅዬ ወንበር ላይ ወጣሁ።
እጄ አየር ላይ ቀረ።
የወሰደው ማነው? እሳቱ አይደለም?
ወረድኩ። አይቼ ያለፍኩት የመጀመሪያ ስሕተት እሱ ነው፣
ስሕተት ከሆነ።

በሦስተኛው ሳምንት አራት ገጽ አወጣን፣
ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለችው ፎቶ ኮፒ ቤት።
መብራት ሁለቴ ሄደ። ገጽ ሦስት ጥላ አለበት።
ፊት ለፊት ሣህሉን በንጉሡ ጻፍኩት፤ ይሳቅብኝ።
ጋዜጣ አከራዩ ድንጋዮቹን ጠርጎ ደረደረ፣
«ሰዓትህ አለቀ፣ አምጣ!» ባዩ ሰውዬ
ሰዓቱን ፈቶ ኪሱ ከተተ።
ተቀመጡ፤ ነፋሱ ቅጠሉን ሊነጥቃቸው
ሲታገል፣ በክርናቸው እየያዙ።

ጋሽ በሪሁንም ነበሩ፣ መነጽራቸው በክር ታስሮ።
ሁለቴ አነበቡት። ተነሥተው ወደ እኔ መጡ።
ይቅርታ የሚሉኝ መስሎኝ ነበር።
«ልጄ» አሉኝ፣ ጣታቸውን ገጽ ሁለት ላይ ተክለው፣
«ሁንዴ ሃምሳ ስምንት አልነበረም።
ስልሳ አንድ ነው። እኩያዬ ነበር።

ይታረም።»