ቀን ያልተጻፈበት ጠርሙስ

ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ሰባት ደቂቃ ላይ፣
አንዲት ትንሽ ጉብታ፣ ከመስመሩ ላትለይ፣
ሳትጠራ የመጣች የሰርግ ቤት እንግዳ፣
ስሟን ብጠይቃት ዝም አለች እንደ ባዳ።

ክኒኑ የወባ ነው፤ የመተማ ነጋዴ፣
እንየው የሚሉት፣ ያስገባው በዘዴ—
እኔ ነኝ «በዘዴ» ያልኩት፣ ማንም አላለም፤
ጥርጣሬ ቤት ካገኘ ማስረጃ አይለምንም።

ዓምዱን ጠረጠርኩት፣ ለወጥኩት በሌላ፤
ፓምፑን በታተንኩት፣ ገጠምኩት ከኋላ፤
መብራት ኃይልን አማሁ፣ ጄኔሬተሩን፣
ከአዘዞ ሲነሳ የአውሮፕላኑን ድምፅ፣ የማራኪን አቧራ፣
የራሴን ዓይን ሳይቀር።
ከማሽኑ አናት ላይ የተደረደሩትን አራት ጠርሙሶች ግን
ቀና ብዬም አላየሁ።
ጠርሙስ ምን ይበድላል? አፍ እንጂ ምላስ የለው።

ወይዘሮ ባንቺአምላክ፣ ሠላሳ ዓመት ብርጭቆ ያጠቡ፣
መነጽራቸውን አወረዱና ወደ መደርደሪያው ቀረቡ።
ማሽኑን አላዩም፣ ጉብታዋንም አላዩ፤
ጠርሙሱን በአንገቱ ይዘው በመስኮቱ ብርሃን አዩ።
ከታች፣ ከመስታወቱ ጥግ፣
የቀሃ ድንጋይ ላይ እንደሚያድር ያለ አረንጓዴ ልጋግ።

«ይኼ ውሃ መቼ ነው የተሞላ?»
«ትናንት» አልኩ።
«ከትናንት በፊትስ?»
«ሲጎድል… እጨምርበታለሁ።»

ዝም አሉ። ከዚያ፣ ለጠርሙሱ የሚናገሩ ይመስል፦
«ጥምቀት ሲደርስ የፋሲል መዋኛ
በአምናው ዝቃጭ ላይ ነው እንዴ ቀሃ የሚለቀቅበት?
ይጠረጋል፣ ይፈገፈጋል፣ ወለሉን ፀሐይ ይመታዋል፣
ከዚያ ነው ውሃው የሚገባ።
አዲስ አሮጌን አያነጻም ልጄ፣
አሮጌ ነው አዲሱን የሚወርሰው።»

በዚያ ማታ ማጠብ ተማርኩ፣ በሃያ ዘጠኝ ዓመቴ።
ሳሙና የለም፤ ሳሙናውም ጉብታ ሆኖ ይወጣል።
ጠርሙስ በሚጠጣው ይታጠባል—
ሜታኖል በሜታኖል፣ ውሃ በተጣራ ውሃ፣ ሦስት ጊዜ፣
እስከ ክዳኑ ጥርስ ድረስ።
ጨው የለመደው ለጨው ይኑር፣ አይለዋወጡ።
ቡናማው መስታወት ለውሃው፤ ብርሃን ካላየ አያቆጠቁጥ።
ፕላስቲክ? «ፕላስቲክ ላብ አለው» አሉ፣
«ዛሬ አታዪውም፣ ከሳምንት በኋላ ማሽኑ ይነግርሻል።»
ክዳኑ ይጥበቅ፣ ግን አይታነቅ፤
በጠባቧ ቀዳዳ አየር ካልገባ ፓምፑ ባዶ ይምጋል።
ያ የሚለጠጥ፣ ሰም መሳይ መጠቅለያ አፉን አይንካው።
ከቱቦው ጫፍ የምትንጠለጠል ማጣሪያም አትናቅ፣
ጋን በጠጠር ይደገፋል።
በመጨረሻም ቀን፦
የተሞላበት፣ የሚደፋበት።
እስክሪብቶውን ሰጡኝ።
እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ኑዛዜ እንደሚጽፍ ሰው።

ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ ይላል የአገሬ ሰው፤
እኔ ግን ሳልነቃ ነው ዕቃውን ያበላሸሁት።

በማግስቱ ሰባተኛዋ ደቂቃ መጣች፣ አለፈች።
መስመሩ ነፋስ የሌለበት የአንገረብ ግድብ፣
ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት።
የእንየው ክኒን ንጹሕ ነው። ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፤
እሱም ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፣
ከምን እንዳመለጠ አያውቅም።

ወይዘሮ ባንቺአምላክ በሰኔ ጡረታ ወጡ።
እኔ ደግሞ ማታ ማታ፣ በር ዘግቼ፣
የሁለት ዓመት መዝገብ እገልጣለሁ፦
«ባዕድ ነገር ተገኝቷል»፣ «ባዕድ ነገር ተገኝቷል»፣
ከሥሩ የኔ ፊርማ።
ፊርማውስ ቀን አለው።
የጠርሙሱን ቀን ግን ማን ጽፎት።