ከዛሬ ጀምሮ

ባጃጁ ሲታገድ፣ ሰው ቤቱ ሲገባ፣
እኔ ሥራ አገኘሁ በቀበሌ ጥሩምባ፤
ሞንታርቦ ጣሪያው ላይ በሲባጎ ጠፍሬ
ሰው መጫን ቀረና ቃል ጭኜ ማደሬ፤
"ወራጅ አለ!" የማይል፣ ሒሳብ የማይከፍል፣
በየቆርቆሮው በር ራሱን የሚያድል።

ወረቀቱ ይመጣል፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ ከክልል ተነሥቶ፣ በከተማ አድሮ፣
በክፍለ ከተማ ማኅተም በማኅተም ላይ ተጨምሮ፤
መነሻው ግን ያው ነው፦ "ከዛሬ ጀምሮ።"
ትናንትም ዛሬ ነበር። ነገም ዛሬ ነው፣ እንዲሁ ዘንድሮ።

ከዛሬ ጀምሮ ባጃጅ ሁለት ሰው ይጭናል።
ከዛሬ ጀምሮ ጀልባ በግማሽ ሰው ይሄዳል።
ከዛሬ ጀምሮ ቅዳሜ ገበያ ይከፈታል፤
ሽንኩርት ከወዲህ ይሁን፣ በርበሬ ከወዲያ፣
በመካከላቸው ሁለት የአዋቂ እርምጃ።
"የማን አዋቂ?" አለኝ አንድ ልጅ፣ ባጃጁን እየተከተለ።
ወረቀቱ ላይ አልነበረም። ነዳጅ ሰጠሁ።

ከወደቡ ስደርስ የጀልባው ሹፌር ጥላዬ፣
እግሩን ውኃ ውስጥ ነክሮ፣ ማስኩን አገጩ ላይ ሰቅሎ፣
"ግማሽ ስትል ናፍጣውም ግማሽ ነው?
ወይስ ዘጌ ራሷ በግማሽ ቀርባልናለች?" ቢለኝ
ሳቅሁ። ማይኩን አልዘጋሁም ነበር፤
የክልሉ መንግሥት ያን ዕለት
ከወደቡ እስከ ደብረ ማርያም ሲስቅ ተሰማ።
ደንገሉ ብቻ አልሰማም፤ ርቀት ጠብቅ ቢሉት የት ያውቅ፣
ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ ቆሟል ከሐይቅ።

በጥቅምት፣ አንድ ማክሰኞ፣ ወረቀቱ ሁለት ገጽ ሆኖ መጣ።
"ከዛሬ ጀምሮ ለቅሶ መቀመጥ ተፈቅዷል፤
ዕድር ድንኳኑን ይተክላል፣ ወንበር ያወጣል፣
እስከ ሃምሳ ሰው።"
አባይ ማዶ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጥግ፣ ሁለተኛ ልደግመው ስል
አንዲት ሴት በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ወጣች።
አወቅኋት። ውዳላት ናት፣ የአዝመራው ሚስት።

አዝመራው አናጺው፤
ይህን ሞንታርቦ የተሸከመውን ሣንቃ የላገልኝ፣
መቶ ሃያ ብሩን ሳልከፍለው የቀረሁ።
በሚያዝያ ሞተ። ስኳር ነው፤ ያ በሽታ አይደለም፤
ሕጉ ግን የበሽታውን ስም አልጠየቀም።
"ቀብር ከዐሥር ሰው አይበልጥም" ያልሁት እኔ ነኝ፣
በዚሁ መንገድ፣ በዚሁ ድምፅ።
ዐሥሩ ገቡ።
ዐሥራ አንደኛው እኔ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣
ሞተሬን ሳላጠፋ ቆምሁ።

"ልጄ" አለች፣ ወረቀቱን እንጂ እኔን ሳታይ፣
"ይኸ ነገር ወደ ኋላ ይሠራል?"

ገጹን ገለበጥሁ። ጀርባው ላይ
ያለፈ የማኅተም ቀለም ብቻ፣ ክብ፣ በተገላቢጦሽ።
ማይኩን ዘጋሁ፤ ቀጭ አለ።
መልስ መስሏት ራሷን ነቀነቀች፤ ገባች።

ማታ ከዕድሩ ዕቃ ቤት ወንበር ጫንሁ፣
አምስት አምስት አድርጌ፤
ባጃጅ ሁለት ይጭናል የሚለው ለሰው ነው፣
ስለ ወንበር አልተጻፈም።
ሃምሳ አልሞላንም። ሃያም አንሞላ።
በዚያ ሁሉ ባዶ ወንበር መካከል
ውዳላት ከስድስት ወር በኋላ ጮኻ አለቀሰች።

በነጋታው፣ ሁለት ሰዓት ላይ፣ አዲሱን ወረቀት ይዤ
ዲፖ ስደርስ ምላሴ አዳለጠኝ፦
"ከሚያዝያ ጀምሮ" አልሁ።
ማንም አላረመኝ።
አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ብቻ ቀና ብላ አየችኝ፣
ከዚያ ሚዛኗን መልሳ ያዘች።