ሃያ ስድስት ግራም

ሐርማታን ነፈሰ፣ ኢኑጉ ገረጣች፣
ፀሐይም በአቧራ ጨረቃ መስላ ወጣች፤
እኔና ኦኩዲሊ፣ የሚስቴ ወንድም፣
ወረፋ ያዝን በጧት አንዱ ካንዱ ሳይቀድም።

ለአልትራሳውንዱ ሲሉ ውኃ አጠጥተውን፣
«ሽንት ቤት እንዳትሄዱ» ብለው አስጠንቅቀውን፣
ባንድ አግዳሚ ወንበር እንደ አዲስ ተማሪ፣
እሱ እየሣቀ፣ እኔ እንደ ፈሪ
እግሬን አቆላልፌ።

ኡዞአማካ መጣች ጓንቷን አጥልቃ፣
ከእምብርቱ በታች ቅባቱን ጨምቃ፤
ግራጫ ደመና ስክሪኑ ላይ ታየ፣
በመሃሉ ጉብ ያለ፣ ከሌላው የተለየ።
ነጠብጣብ መስመሯን ከዳር ዳር ዘርግታ፣
ወርዱን በቁመቱ በጥልቀቱ አባዝታ፣
«ዘጠና አራት ግራም» አለችው በቀስታ።

ሣቁን ዋጠ። እኔም ለእህቱ አዘንኩ፤
አንድ ሙሉ ኡዳራ ሆዱ ውስጥ ተሸክሞ፣
እንዴት ይተኛ ይሆን አልኩኝ ተጋድሞ?

የኔ ተራ ደርሶ አየችኝ፣ ለካችኝ፣
«ሃያ ስድስት ብቻ፣ የወጣት ነው» ብላ አጽናናችኝ።

የወጣት! ወይ ጉዴ! ምነው ማታ ባየች፣
ግድግዳ ደግፌ ስቆም በቆየች!
ና ስለው የሚቀር፣ ቆይ ስለው የሚመጣ፣
ቀበቶ እስክፈታ ትዕግሥት የሚያጣ፣
አለቀ ብዬ ስተኛ ተመልሶ የሚጠራኝ፣
በሰባ ሁለት ዓመቴ ሱሪ የሚያስቀይረኝ።

ከዚያ ወረቀት መጣ፣ ሰባት ጥያቄ ያለበት፤
ስንቴ ትነሣለህ? ይቆራረጣል? ታምጣለህ ለማስወጣት?
ኦኩዲሊ አምስት አመጣ፣ እኔ ሃያ ሰባት።
በትምህርት ቤት ዘመኔ እሱን በልጬው አላውቅም።

ባለ ዘጠና አራቱ ሲያንኮራፋ ያድራል፣
ባለ ሃያ ስድስቱ የዶሮ ጩኸት ይቆጥራል።

ዶክተሩ ሊያስረዳን ወረቀት ላይ ሣለ፤
«መጠንና ሥቃይ ሁሌ አብሮ አይሄድም» አለ።

ይህንስ አውቃለሁ። ከሰል ቆፋሪ ነበርኩ፣
ከኮረብታው ሆድ ውስጥ ወጣትነቴን ቀበርኩ።
ቤት የሚያህል ቋጥኝ፣ ጥግ ይዞ የተኛ፣
ሃያ ዓመት ሙሉ ጎረቤት ነበር ለእኛ፤
ጡጫ የምታህል ድንጋይ ሐዲዱ ላይ ወድቃ፣
አሥራ አንድ ጋሪ አቆመች መንገዱን አንቃ።
ያን ዕለት አለቃችን ምን ታህላለች አላለም፤
የት ነው ያለችው ነበር ያለው።

ዛሬ ሌሊት ለአራተኛ ጊዜ ተነሣሁ።
ኦኩዲሊ ሳሎን ውስጥ ያንኮራፋል፣ በሩ ይንቀጠቀጣል።
በጨለማ ቆሜ ጠብታ ስቆጥር
የጉድጓዱ ዘመን ትዝ አለኝ፤ ጣሪያው ሲያንጠባጥብ
«ውጡ!» ይሉን ነበር።
አሁን ከየት ልውጣ?

ስመለስ አየሁት፤ ሚስቴ ነቅታ ኖሮ፣
ነጠላ ጫማዬን ያወለቅኩበት ቦታ
አፉ ወደ በሩ ዞሮ
ተቀምጧል፣
ለሚቀጥለው።