አራትና ስምንት

ሰኞ ጠዋት መጡ፣ ዐሥራ ሁለት ሆነው፣
የዳንስ ጫማቸውን በከረጢት ይዘው፤
ትናንት የወረዱ፣ ዛሬ የተላጡ፣
አፍንጫና ትከሻ በፀሐይ የተቀጡ።
ኤውላሊያ ከጣሪያው ቁልቁል እያየች
«አንድ ለአንድ ተቃቀፉ፤ ለሰባት ቀን» አለች።

እኔ ኦስኒኤል ነኝ፤ የእግር ሠራተኛ፣
ያኔ ሸንኮራ ፈጭ፣ ዛሬ የሰው ጓደኛ።
ፋብሪካው ተዘግቶ፣ ጭስ ማውጫው ቆሞ ቀርቶ፣
ሐዲዱም በቁጥቋጦ ተውጦ ጠፍቶ፣
በጭነት መኪና ሳንቲያጎ ገባሁ፣
በሳምንት ሒሳብ ወገቤን አከራየሁ።
ነውር የለበትም። ሌላው ጥርሱን ያከራያል፣
በሆቴል በር ቆሞ ቀኑን ሙሉ ይስቃል።

የደረሰችኝ ሴት ሃኔከ ትባላለች፤
ሮተርዳም ውስጥ ድልድይ ትመረምር ነበረች።
ሠላሳ አራት ዓመት፣ በትንሽ መዶሻ
ብረት እየመታች እስከ ወንዙ መድረሻ፤
ጤነኛው ብረት ይጮኻል ጥርት ብሎ፣
ስንጥቁ ይመልሳል፣ እንደ ሰው፣ አስመስሎ።

ዳንስ ላይ ግን፣ ወይ ጉድ!
እግሯ ሒሳብ ያውቃል፣ ወገቧ አያምንም፤
«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ስላት አራት ላይ አትቆምም፤
ባዶውን ምት እንደ ጉድጓድ አይታ
ትደፍነዋለች እግሯን ቶሎ አንስታ።
«አራት አይረገጥም፤ ስምንትም እንዲሁ፤
ዝም የሚባልበት ነው» እያልኩ አስረዳሁ።
«ታዲያ እግር ያን ጊዜ ምን ይሠራል?»
«ይጠብቃል።»
«ማንን?»
ለዚህ መልስ የለኝም። አዞርኳት።

ማክሰኞ ረገጠችኝ። ረቡዕ አለቀሰች፣
ላብ ነው ብላ ፊቷን በፎጣ አበሰች።
ሐሙስ ከጎረቤት አንድ አውራ ዶሮ
ከሷ ቀድሞ ገባ ምቱን አሳምሮ፤
እንግዶቹ ሣቁ፣ እሷም ሣቀች አብራ፣
ያን ጊዜ ወገቧ ፈታ አለ ሳይጠራ።

ዓርብ ማታ፣ አዙሬ ስመልሳት፣ ቆመች።
ጆሮዋን ቀሰረች።
«ኦስኒኤል፣ ግራ ጉልበትህ
ተሰንጥቋል። ሰማሁት።»
ሣቅሁ።
የሸንኮራ ጋሪ ነው፣ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት።
ማንም አያውቅም። ኤውላሊያ ካወቀች ሰኞን አላይም።
«የምታርፈው መቼ ነው?»
«በአራትና በስምንት።»
ሰዓት መሰላት። የእጇን ሰዓት አየች።
ቆይቶ ገባት።

ያኔ መብራት ጠፋ።
ቲቮሊ ሰፈር በሙሉ፣ ከኮረብታው እስከ ወደቡ፣
እንደ ሻማ እፍ ተባለ።
ዘፋኙ «ልቤ» ብሎ ጀምሮ አልጨረሰም።
ከታች አንዱ ተሳደበ፤ ሌላው «ሩዜ አልበሰለም!» አለ።
ዐሥራ አንዱ እንግዶች ስልካቸውን አበሩ።
ሃኔከ በዳበሳ
ከሩሙ ብርጭቆ ማንኪያ አነሳች፣
የደረጃውን መደገፊያ መታች፦
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣
ዝም።
አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣
ዝም።
ብረቱ የዛገ ነው፤ ድምፁ ግን ጤነኛ።
«ተቀመጥ» አለችኝ፤ «ዛሬ እኔ ሠራተኛ።»

ተቀመጥኩ በርጩማ ላይ፣ እግሬን ዘርግቼ፣
ሌላው ሲጨፍርልኝ ዳር ተመልክቼ።
ኤውላሊያ እንኳ፣ ሳንቲም ስትቆጥር የኖረች፣
ቆጠራዋን ትታ ባዶ እግሯን ገባች።

ቅዳሜ ባሕር ወሰድናቸው። አልጨፈርኩም።
ሃኔከ ውኃው ጉልበቷ ድረስ ገብታ
«ይህን ማን ይመረምረዋል?» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

እሑድ አውቶቡሱ ጡሩንባ ነፋ።
አድራሻ አልተለዋወጥንም።
ጎንበስ ብላ ጉልበቴን በጣቷ ኳ አደረገች፣
አዳመጠች፣
ራሷን ነቀነቀች። አላጽናናችኝም።

ሰኞ ሌሎች መጡ፤ ዘጠኝ ናቸው አሁን፣
ይዘው ገና ያልተላጠ ፊታቸውን።
ቆጠራ ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤
አራት ላይ ከወትሮው ትንሽ ቆየሁ።
«እዚህ ጋ እግራችን ምን ይሠራል?» አለ አንዱ።
«ይሰማል» አልኩት።