የድልድዩ ጠባሳ

ሐዋሳን ሠላሳ ዓመት በመስታወት ነው ያየኋት፣
በሌሊት ገብቼባት፣ በሌሊት ስወጣት፤
ናፍታዋን አውቃለሁ፣ የኬላዋን ገመድ፣
ከጎሚስታው ደጃፍ የተቃጠለውን የጎማ አመድ፣
ወደ ዲላ ይዞኝ የሚነጉደውን መንገድ።
«ሐይቅ አላት አይደል?» ሲሉኝ፣ «አላት» እላለሁ፤
ሽታውን ነው እንጂ ውኃውን መች አየሁ።

ዘንድሮ ጡረታ ወጣሁ።
መሪ ለቀቅኩና መሪ ቀጠርኩኝ፤
ዱካሞ ይባላል፤ ከፊት ቀደመኝ።
የልጅ ልጄ እኩያ ነው፤ ደረቱ ላይ ባጅ አንጠልጥሏል፤
«ጋሼ ቀስ ይበሉ፣ ጠጠሩ ያንሸራትታል» ይለኛል፣
ኤንትሬ ከነተሳቢው በጭቃ የነዳሁትን እኔን።
እሺ እላለሁ።
ጉልበቴማ ከኔ ቀድሞ እሺ ብሏል።

ጎህ ሲቀድ ታቦር ተራራ ላይ ነበርን።
ሐይቁ ከጉሙ ውስጥ ቀስ እያለ ወጣ፣
ብርድ ልብስ እንደሚገፍ ሰው፣
መጀመሪያ ትከሻው፣ ቆይቶ ደረቱ።
ዱካሞ ወፍ ይቆጥራል፤ እኔ አስፋልቱን አየሁ፣
ከሻሸመኔ መጥቶ ከተማዋን ሰንጥቆ የሚሄደውን።
ያ ሁሉ ዘመኔ፣ ያ ሁሉ ያልተኛሁት እንቅልፍ፣
ከዚህ ሲያዩት ክር ነው፤
የአንድ ሸሚዝ ቁልፍ ተክሎ የሚያልቅ ክር።

በዋርካዎቹ ሥር ወረድን፤ ጉሬዛ ካፖርቱን ደርቦ
ከላይ ይታዘበናል።
አሞራ ገደል ስንደርስ አሳ ይገፈፋል፣
አባ ኮዳ ቆሟል፣ ክንፉን ወደ ኋላ አጣምሮ፣
የሚዛን ጣቢያ ሹም መስሎ፣
ድርሻው ካልተሰጠው ከመንገድ ላይ የማይነቃነቅ።
ሳቄ መጣ። ዱካሞ ምን እንዳሳቀኝ አልገባውም።

ከሰዓት በኋላ ፊላውን እየገመስን
በቀጭን እግር መንገድ ጥቁር ውኃ ደረስን።
«አሁን ወደ ታሪክ እንገባለን» አለ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ።
አሮጌው ድልድይ ነው፤ አዲሱ ከጎኑ ተሠርቷል፣
ሐረግ ተጠምጥሞበት፣ ወፍ ጎጆ ቀልሶበታል፤
ከመከታው ጥግ ግን አንዱ ዓምድ ተገምሷል።
«ይኼን የገመሰው የጥልያን መድፍ ነው!
አርበኞቹ በዚህ፣ ጠላት በዚያ በኩል...»
አብረውን የመጡት ሙሽሮች
ገመሳው ላይ ተደግፈው ፎቶ ተነሡ።

መድፍ አይደለም። እኔ ነኝ።

ሐምሌ ነው። ዝናብ ነው። ከወንጂ ስኳር ጭነናል፤
ተካልኝ፣ ረዳቴ፣ ከጎኔ ያንጎላጃል፤
መብራቴ ውስጥ ጉማሬ ቆመች፣ ከነግልገሏ፣
ደጃፏ ላይ እንደቆመች እመቤት።
ደጃፏ ነበረና።
መሪውን ጠመዘዝኩ፤
ዓምዱ ተገመሰ፣ ተሳቢው ተገለበጠ፣
ጥቁር ውኃ በዚያ ሌሊት አርባ ኩንታል ስኳር ጠጣ፤
እሷ ግልገሏን አስከትላ፣ ሳትቸኩል፣ ወደ ፊላው ገባች።
እኔ የሦስት ወር ደሞዝ ከፈልኩ፣ ተካልኝ እግሩን።

እዚሁ ቀረ። ጎማ ለጣፊ ሆነ።
ባለፍኩ ቁጥር ሁለቴ ጡሩንባ እነፋለሁ፣
ሁለቴ ፋኖሱን ያነሣልኛል።
አንድ ዓመት ነፋሁ፤ ፋኖስ አልተነሣም።
ጭነት ነበረብኝ።
አልቆምኩም።

መዳፌን ገመሳው ውስጥ ከተትኩ፤
ድንጋዩን የቀኑ ፀሐይ አሙቆታል።
«መድፍ ነው ጋሼ» አለ ዱካሞ፣ «ያውም ከባድ መድፍ!»
«ከባድ ነበር» አልኩት።
ምን ልበል? ለሙሽሮች ስለ ስኳር ላውራ?
ልጁ በመድፉ እንጀራ ይበላል፤
የኔን የሚያውቅልኝ ተካልኝ ብቻ ነበር።

ሊመሽ ሲል በአዲሱ ድልድይ ተሳቢ መጣ፣ መብራቱን አብርቶ፤
ጡሩንባ ነፋ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ፣
ሁለቴ።
እጄ ሳላዘው ከፍ አለ፣ ፋኖስ እንደያዘ፤
ቀኝ እግሬ ሣሩ ውስጥ
ፍሬን ፈለገ።