ፉርጎ

ከቀፊራ ገበያ፣ በቀዳም ሹር ጠዋት፣
በቃጫ ጠፍረው፣ ዘቅዝቀው ካመጧት
መንጋ መካከል ነው መርጬ የገዛኋት።
«ቄብ ናት» አለ ሻጩ፣ «ሥጋዋም አይጣል ነው»፤
ላባዋን ገለጠ፣ ደረቷን መዘነው።
እግሯን አላየሁም።
ሰው ዶሮ ሲገዛ እግሯን መች ያያል፣
ደረት ዳብሶ እንጂ ዋጋ ይከራከራል።
ቤት ገብቼ ብፈታው ቃጫው አጥንት ነክቷል፣
የግራ እግሯ መዳፍ
እንደ ከሰል ጠቁሯል።

ይመናሹ ሚስቴ ቢላ ይዛ ወጣች፤
«እግሯን አንበላው! ምን ቸገረን?» አለች።
ነገሯ ልክ ነበር።
ግን ጎንበስ ስልባት ዶሮዋ ባንድ ዓይኗ
አሻቅባ አየችኝ፤
ትኬት የጠፋባት መንገደኛ መሰለችኝ።
እኔ ደግሞ በዕድሜዬ
ትኬት ቆራጭ አልነበርኩ፣
ከባቡሩ ጋራዥ
ሠላሳ አንድ ዓመት ቶርኖ ላይ የቆምኩ።
ቢላውን መለስኩ።
የዚያን ዓመት ፋሲካ
በሽሮ ገደፍን፣
ሳምንቱን በሙሉ
እኔና ይመናሹ ሳንነጋገር አለፍን።

ሳቢያን ያለው ሐኪም፣ ገና ልጅ እግር ነው፣
«አባባ፣ ለአንድ ዶሮ?» ብሎ ሳቁን ለቀቀው።
ግን እጁ ደግ ነበር።
በጨው ውሃ አጥቦ፣ ወይን ጠጁን መድኃኒት ቀብቶ፣
በሻሽ ጠቀለለ፤
«ማታና ጠዋት ይህንኑ ይድገሙ፤
የሞተው ይወድቃል፣ እንዳይደነግጡ» አለ።
በዘጠነኛው ቀን
ደረቁ መዳፏ ጭዱ ላይ ረገፈ፤
እሷ እንደሁ ማሽላ ትለቅማለች፣
ነገሩ እንዳለፈ።

ፉርጎ ብዬ ጠራኋት፤
በራሷ አትሄድማ፣ ጎታች ትፈልጋለች።
የጎረቤት ልጅ ሐምዲያ
በካርቶን ጭና፣ በሲባጎ ስባ
ከጥላ ወደ ጥላ ታመላልሳታለች።

መቀመጥም ለካ ራሱ በሽታ ነው፤ ደረቷ ተላጠ።
የደቻቱን አሸዋ በወንፊት ነፋሁላት፣
ጠጠር እንዳይቆረቁራት፤
የድሬ ቀትር ሲበረታ
ጆንያ በውሃ ነክሬ ሰቀልኩላት፤
ሌሎቹ ሲጫኗት
ጥሬዋን ለብቻ፣ በጣሳ አስቀመጥኩላት።

«መጫር የማትችል ዶሮ ምን ትበጅሃለች?» አሉኝ
አቶ ኢድሪስ ባጥር አሻግረው ሲያዩኝ።
ሁለት ጣቱን ቶርኖ የበላውን እጄን
ከፍ አደረግሁና
«እኔንስ» አልኳቸው፣
«ማን ነው ያረደኝ?»

እግር ሠራሁላት።
የመጀመሪያው እንጨት ከበዳት፣ ወደቀች፤
ሁለተኛው ተንሸራተተ፤
ሦስተኛው ሸንበቆ፣ በባጃጅ ካላማዳሪ ታስሮ፤
ቆመች። ሁለት እርምጃ። ሦስት።
ደግሞ ተቀመጠች።

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ይመናሹ
ቢላ ስትስል ዋለች፤
ከደጅ ሆኜ ሰማሁ፣ ድንጋይና ብረት።
ምን እላታለሁ? ቤቱ የሷም ቤት።
ወጣሁ ወደ ከዚራ፣
ከዛፎቹ ሥር አመሸሁ ከማንም ሳላወራ።

ስመለስ
የሥራ ቱታዬ አንድ እጅጌው የለም፤
ያ ሰማያዊ ጨርቅ፣ ዘይት የጠገበው፣
ለደነዘ ቢላ መቼም አይበገርም።
ፉርጎ የሷ ጭን ላይ ናት፤
ጉቶዋ በጥጥ ተደግፎ
ሰማያዊ ካልሲ ለብሷል።
«ያ ሸንበቆህ» አለችኝ፣ ቀና እንኳ ሳትል፣
«ስንቴ እንዳደማት
አይተኸዋል?»

አሁን በየማለዳው፣ ፀሐይ ሳትከር በፊት፣
ከሲሚንቶው ላይ እሰማታለሁ፦
ቀጭ፣ ዝም። ቀጭ፣ ዝም።
ዳገት እንደ ያዘ ባቡር ስታዘግም።
ይመናሹ ካልጋዋ ሳትነሳ
የግድግዳውን ሰዓት ታያለች፤
«ዛሬ» ትለኛለች፣
«አሥር ደቂቃ ዘገየች።»